እንጦጦ ሲቃጠል ወንድሜ ጫካው ውስጥ ነበር

ቅዳሜ ከሰዓት ነው... ሽሮ ሜዳ፣ ደጃችን ላይ ልብስ እያሰጣሁ ቀና ብል እንጦጦ ይጨሳል።

ዘመኑ ደርግ ነው። አፈሳ የጉለሌን ጎረምሳ ሁሉ ኮርኒስ ውስጥ ያስገባበት ጊዜ። ታላቅ ወንድሜ ግርማ ሸማኔ ነበር፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤታችንን ያቆመ፣ ከሸማ መወርወሪያ በስተቀር እጁ ላይ ምንም ይዞ የማያውቅ ልጅ። ለውትድርና ሲፈለግ የእኛ ኮርኒስ ክብደቱን አልቻለውም... በቃ፣ ጫካ ገባ። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ቅጠል ለቃሚ መስዬ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልዬ አደርስለት ነበር።

ጭሱ የሚወጣው እሱ ካለበት በኩል ነው። ልብሱን ጥዬ እናቴን ጠራኋት።

እናቴ ወጥታ አየች። መቀነቷን ጠበቅ አደረገች እንጂ አልጮኸችም። መጮኽስ መች ይቻላል? «ልጄን!» ብትል «የቱን ልጅሽን?» ሊባል ነው። ከንፈሯ ብቻ «እመቤቴ... እመቤቴ...» ይላል።

ወዲያው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ «ዶማና አካፋ ያለው ሁሉ ይውጣ!» አለ። በዕድሜዬ የቀበሌ ጥሪ ሰምቼ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እየሮጥን ወጣን።

የሰደድ እሳት እንዴት እንደሚጠፋ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ሁላችንም ለምለም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እየዘነጠፍን እሳቱን መምታት ጀመርን። ሞኝነታችን እኮ... የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ለምን ሆነና? ጥቂት እንደመታንበት ቅርንጫፉ ራሱ እጃችን ላይ ይቀጣጠላል። እሱን ጥለን ሌላ እንዘነጥፋለን። የዛፉ ቅርፊት ደግሞ እየነደደ በነፋስ ይበርና ከኋላችን ሌላ እሳት ይለኩሳል። ውኃ በጀሪካን ተሸክመን፣ ያን ዳገት ወጥተን ስናፈስበት፣ ቸስ ይልና ላዩ ይጠቁራል። ከሥር የተከማቸው ደረቅ ቅጠል ግን ታች ለታች መንደዱን አይተውም።

ሰፈራችን ውስጥ ጓድ ታምራት የሚባል አብዮት ጥበቃ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታዘዘውን ግን አይተውም። ጠመንጃውን ጀርባው ላይ እንዳነገተ፣ ጥቀርሻ ከለበሰ አንድ ጎረምሳ ጋር አፈር ይዝቃል።

«ጎበዝ! አንተን የመሰለ አምስት ሰው ባገኝ ይሄኔ ጠፍቶ ነበር!» ይለዋል።

ጎረምሳው አንገቱን ደፍቶ ይዝቃል። ውኃ ላቀብለው ጠጋ ስል... ግርማ ነው!

«አብደሃል? ሂድ እንጂ!» አልኩት በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ የለኮስኩት» አለኝ። «ትናንት ብርዱ ሲብስብኝ ትንሽ አነደድኩ። አፈር አልብሼው ነበር እኮ... በዛፉ ሥር ሄዶ ወዲያ ማዶ ወጣ።»

«እሺ፣ አሁን ሂድ በናትህ!»

«ሰው ቤት ሊደርስ ነው። ለኩሼ ትቼው የት ነው የምሄደው?»

መሸት ሲል ነፋሱ ቆመ፣ እሳቱም ወደቀ። ሁላችንም መሬት ላይ ተዘረርን። ማን ማን እንደሆነ አይለይም። የጓድ ታምራት ሚስት እንኳ ባሏን ፈልጋ ሌላ ሰውዬ አቅፋ ተሳቀ። ግርማ አብሮን ተቀምጧል። እኔ በልቤ «ትንሽ ይጨልም እንጂ ይሄዳል» እላለሁ።

እናቴ ውኃ እያዞረች መጣች። እሱ ጋ ስትደርስ ቆመች። እናት ናት፣ ጥቀርሻ አያታልላትም። ጭስ ገብቶበት ዓይኑ ያለቅሳል። ተንበረከከች... የነጠላዋን ጫፍ ውኃ ነከር አድርጋ ዓይኑን ጠረገችለት። ቀጥላ ግንባሩን። ቀጥላ ጉንጩን። አስባበት አይደለም፤ ናፍቆቷ ነው እጇን የሚያንቀሳቅሰው። ላስቆማት ብድግ አልኩ።

ጓድ ታምራት ዞር አለ።

«እንዴ... ግርማ?»

ጓድ ታምራት መሬት መሬቱን አየ። ባላየ ሊያልፈው የፈለገ ይመስለኛል፤ ግን ሌሎቹም ጠባቂዎች አይተዋል።

«ተነሥ በቃ፣ ወንድሜ» አለው በመጨረሻ።

እናቴ ነጠላዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ግርማ ግን ፈገግ አለላት።

«እንኳን ጠረግሽልኝ እማዬ... ዓይኔን ሊያጠፋው ነበር» አላት። ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ወደ ሰሜን ተላከ ተባለ... ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ።

በነጋታው እሳቱ ከሥር ተነሥቶ እንደገና ጨሰ። እናቴ ድምፅ ማጉያው ሳይጠራት ዶማ ይዛ ወጣች። የሚጨሰውን የባሕር ዛፍ ሥር እየቆፈረች፣ እየመዘዘች፣ ስትቀጠቅጠው ዋለች። ሊያስቆማት የደፈረ ሰው አልነበረም።

በኋላ እኔ አግብቼ ወለድኩ። እማዬ ልጆቼን ታዝላለች፣ ታጎርሳለች፣ ታስተኛለች። ፊታቸው ሲቆሽሽ ግን እኔን ትጠራለች። «ነይ ጥረጊያቸው፣ የእኔ እጅ ደግ አይደለም» ትለኛለች። ስንት ጊዜ ተቆጣኋት፣ ስንት ጊዜ ለመንኳት... እምቢ።

ስንቱ ስንት ግፍ ሠርቶ በሰላም ተኝቶ ያድራል... እማዬ ግን የልጇን ፊት ስለጠረገች ራሷን ይቅር ሳትል ሞተች።