«አምባሰል» ላይ የተደረበው ሠርግ

ዛሬ ጠዋት የድምፅ ሚክሰሩ ላይ «አምባሰል» የሚለውን ስጫን፣ የወጣልኝ ለባለቤቴ ድምፅ ያስተካከልነው ልክ ሳይሆን ለሰው ሠርግ የተስተካከለ ነው።

አምባሰል ስትዘፍን ለድምፅዋ የሚስማማውን ልክ ሁለታችን ተጨቃጭቀን አውጥተን፣ በዜማው ስም ሴቭ አድርገነው ነበር።

ካረፈች ወዲህ ሐይቅ ከተማ ያለው ስቱዲዮዬ ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። የሚክሰሩ የድምፅ ማንሸራተቻዎች በራሳቸው ተነሥተው እሷ በጣቷ ያቆመቻቸው ቦታ ላይ ይቆማሉ።

ሚክሰሩን ትናንት ለሠርግ የተዋሰኝን ሰይድን ጠርቼ ጮኽኩበት።

«ወላሂ ጋሼ፣ ሠርጉ አምባሰል ወረዳ ስለነበር የአገሩ ስም መስሎኝ እዚያው ላይ ሴቭ አደረግኩት።»

ሰውን ሁሉ «ቅጂ ያዝ!» እያልኩ የማሰለች እኔ፣ ለእሷ ልክ ቅጂ አልያዝኩም።

የዘፈነችው ተቀድቶ አለ፤ ጣቷ ያረፈበት ቦታ ግን ጠፋ።

እናንተስ ከሟች የቀረላችሁን ነገር እንዲህ አጥታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ዛሬ ብቻዬን አልቻልኩትም።