የአውድማው ጭድ

አዲስ አበባ ለቡ ሰፈር በሚሠራ አንድ ቤት ዘበኛ የነበረው እስጢፋኖስ ጭድ ሲባክን አይወድም። ለጭቃው ከመጣው የተረፈውን በጆንያ ጠቅጥቆ ዝናብ የማይደርስበት ጥግ ያስቀምጣል። ሠራተኞቹ "ጋሼ በቅሎ ሊገዙ ነው" እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ወታደር ነበር። በሰማንያ ሦስት ሰሜን ላይ ጦሩ ሲበተን፣ እግሩን የቆሰለ ጓደኛውን ሮበሌን እንደተሸከመ ተራራ ላይ መሸበት። የተተወ አውድማ አገኘ፤ ጥግ ላይ ደረቅ ጭድ ቀርቶበታል። ለብርድ መድኃኒቱ እሳት ብቻ መሰለው፤ ማንስ ቢሆን እንዲህ አይመስለው? ሮበሌን እርጥብ መሬት ላይ አጋድሞ ጭዱን ማቀጣጠያ አደረገው።

"እስጢፎ፣ ጀርባዬን በረደኝ።"

"እሳቱ ይደርስልሃል፣ ትንሽ ቻለው" አለና እንጨት ጨመረ።

ሲነጋ የሮበሌ ፊት ለብ ያለ ነበር። ጀርባው ግን እንደ መሬቱ ቀዝቅዟል፤ ትንፋሹም የለም። ከዚያ ወዲህ እስጢፋኖስ መካኒሳ ኪራይ ቤቱ ጋደም ባለ ቁጥር ያንን "በረደኝ" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በእጁም ከሥሩ ያለውን ይዳብሳል።

በሰማንያ ዘጠኝ ሐምሌ፣ ከምሳ በኋላ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። አሸዋ የምታመላልሰው ማሚቴ ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ተንሸራታ ገባች። ውሃው እስከ ደረቷ ነበር፤ በገመድ ጎትተው እስኪያወጧት ግማሽ ሰዓት አለፈ። ከንፈሯ ጠቁሮ ምላሷ ተሳስሯል።

"እሳት! እሳት አንድዱ!" አለ ፎርማኑ ጌቱ፣ ወደ ጭዱ እየሮጠ።

እስጢፋኖስ ጆንያው ላይ ወደቀበት። "ይሄን ማንም አያቃጥልም! መጀመሪያ ከሥሯ ይነጠፍ!"

"ጋሼ፣ አብደዋል እንዴ? ልትሞትብን'ኮ ነው!"

"ለዚሁ ነዋ!"

ጭዱን ዘበኛ ቤቱ ውስጥ በቁመቷ ልክ አነጠፈላት። ጓደኛዋ ፀሐይወርቅ እርጥብ ልብሷን አውልቃላት በእስጢፋኖስ ካፖርት ጠቀለለቻት፤ እሱ በሩን ከነፋሱ በቆርቆሮ ጋረደው። እሳቱ መጨረሻ ላይ መጣ፤ ዝናቡ ሲያባራ ደጅ ነድዶ ሻይ ተፈላበት።

ቆይቶ ቆይቶ የማሚቴ አንደበት ተፈታ። እስጢፋኖስ ከቆርቆሮው ውጭ ቆሞ፣ "ጀርባሽስ?" አላት።

"ሞቆኛል፣ ጋሼ።"

ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጌቱም ይቅርታ ጠየቀው። እሱ ግን ባዶው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። የደስታ መሰላቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ "ጭዱን ለሮበሌ ባነጥፍለትም መሞቱ አይቀርም ነበር" እያለ ነበር ራሱን የሚያጽናናው።