በተዘጋ አፍ የተዜመ መንዙማ

የያዙኝ ከተማሪዎቼ ጋር ስሮጥ ነው። መካነ ሰላም የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። ታጣቂዎች ከሜዳው ዳር ቆመው ጠሩኝና «ለትንሽ ጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ቁምጣ እንደለበስኩ ተከተልኳቸው። በዚያ ዓመት ድርቅ የተራቡ ሰዎች ከተማው ዳር ሲወድቁ አይቼ፣ ስብሰባ ላይ «የእርዳታው እህል የት ገባ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ጥፋቴ ያ እንደሆነ መንገድ ላይ ገመትኩ።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ነቀዝ የበላው ስንዴ ይሸታል፤ እህል ግን የለበትም። የሞላው ሰው ነው። መስኮት የለውም። ጥግ ላይ ለሁላችንም አንድ ባልዲ ተቀምጧል።

ሰውነቴ ቁጭ ማለት አልለመደም። ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ሥር ቆሜ ባለሁበት እሮጣለሁ። የበሩ ቁልፍ ሲንቋቋ ግን ሆዴ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ወደ ባልዲው ያስሮጠኛል። ያውም በሰው ፊት። ቀጥሎ ማን እንደሚጠራ አይታወቅም ነበር፤ ከተጠሩትም የማይመለሱ ነበሩ።

አጠገቤ የሚተኙት ከላላ ከተማ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጠዋት ሩጫዬን አቋርጬ ሆዴን ይዤ ስታጠፍ አዩኝ።

«አብሽር ልጄ። ቁርጠት ነው?»

«ፍርሃት ነው መሰለኝ፣ አባባ።»

«እሱማ የሁላችንም ነው። ና፣ ጀርባህን ለግድግዳው ስጥ።»

አፋቸውን ገጥመው መንዙማ ማንጎራጎር ጀመሩ። ቃል የለውም፤ ዜማው ብቻ ከደረታቸው ይወጣል። በመዳፋቸው ጭናቸውን ቀስ እያደረጉ ይመታሉ።

«አንተም በል» አሉኝ።

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አላውቅበትም።»

«ሆድህ ሃይማኖት አይጠይቅም።»

ተከተልኳቸው። ትንፋሼ እየረዘመ ሄደ። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ሆዴ ግን ለቀቀኝ።

ከዚያ ወዲያ እኔ ስሮጥ እሳቸው ያንጎራጉራሉ፤ ሌሎቹም ዝቅ አድርገው ያግዟቸዋል። እንዲህ ስንል አንድ ቀን ዘበኛው በሩን በረገደው።

«ማነው የሚዘፍነው? ምልክት ነው የምትለዋወጡት?»

ሽማግሌው ሊነሱ መሬቱን ተደገፉ። እግራቸው በግርፋት አብጦ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ስፖርተኛው! ውጣ። ግቢውን ዙር።»

ጫማዬን ከወሰዱብኝ ቆይተዋል። ፀሐዩ ከረር ብሏል፤ ጠጠሩ እግሬን ይወጋኛል። ዘበኛው ጠመንጃውን አቀባብሎ መሀል ቆመ። ጥቂት እንደዞርኩ ቁርጠቱ መጣ። ብወድቅ ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም። ዓይኔን ከጠመንጃው ላይ መንቀል አቃተኝ።

ያን ጊዜ ከመጋዘኑ ውስጥ ዜማው ተሰማ። የአንድ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የቤቱ ሁሉ ነው። ዘበኛው ወደ በሩ ዞረ፤ ተመልሶ ወደ እኔ ዞረ። ማንን እንደሚመታ የጠፋው መሰለኝ። እኔ ትንፋሼን በዜማው ላይ እየጣልኩ ሮጥኩ።

በመጨረሻ «በቃ! ቁጭ በል» አለኝ።

አልተቀመጥኩም። ተማሪዎቼን ከሩጫ በኋላ እንደማሠራቸው እግሬን ሳብ፣ ክንዴን ዘርጋ እያደረግኩ ሰውነቴን አፍታታሁ። ዘበኛው እስክጨርስ ቆሞ አየኝ። ለምን እንደተወኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጨርሼ፣ ማንም ሳይጎትተኝ ገባሁ።

ሽማግሌውን በማግስቱ ጠሯቸው። ግድግዳውን ይዘው ተነሱ፤ «አብሽሩ» አሉንና ወጡ። አልተመለሱም።

እኔን ከጊዜ በኋላ ለቀቁኝ፤ አሁን እኔም አርጅቻለሁ። ጠዋት ጠዋት በእግሬ እንቀሳቀሳለሁ። በር በኃይል ሲንኳኳ ሆዴ ዛሬም ይቋጠራል። ሐኪሙ «ለስለስ ያለ ሙዚቃ ያድምጡ» ስላለኝ ልጄ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ጥሩ ነው፤ አደምጠዋለሁ።

አንድ የገበያ ቀን የሽማግሌውን ቤተሰብ ፍለጋ ከላላ ወርጄ ጨርቅ ነጋዴዎቹ ጋ ቆምኩ። እዚያ መጋዘን ውስጥ ስም አንጠያየቅም ነበር፤ ቢገርፉህም የማታውቀውን ስም አታወጣም።

«ማንን ፈልገው ነው ጋሼ?» አለኝ አንዱ ነጋዴ።

የምጠራው ስም አልነበረኝም። ባዶ እጄን መሄዱ ነውር ስለመሰለኝ አንድ ኩታ ገዝቼ ተመለስኩ።