የአባዬ የኮት ኪስ

ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ ከባለቤቴ ጋር ምሳ በልተን፣ ሒሳብ የጠየቅሁት እኔ ሆኜ ሳለ አስተናጋጇ ቢሉን ወስዳ እሱ ፊት አስቀመጠችው። እሱ ሳቀና ወደ እኔ ገፋው። እኔ ግን ፊቴ ጋለ፤ የአባዬ የኮት ኪስ ትዝ አለኝ።

ያኔ የምንኖረው ገርጂ ነበር። ዙሪያችን ሁሉ ግንባታ ነው፤ የሲሚንቶ ብናኝ ከልብሳችን አይጠፋም፣ ሰዉ ወይ ቤት ይሠራል ወይ ሊሠራ ያስባል፣ እማዬ ደግሞ ጉርድ ሾላ በከፈተችው ሱቅ ለዚያ ሁሉ ቤት ሴራሚክ ትሸጣለች። አባዬ ከመሥሪያ ቤቱ በቅነሳ ከወጣ በኋላ እሷ ጋ ይውል ነበር። ገዢ ሲገባ እሷን አልፎ "ጌታው፣ ካሬው ስንት ነው?" ይለዋል፤ አባዬም ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ እማዬ ዞር ይላል። ዋጋ አንድም ቀን በቃሉ ይዞ አያውቅም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቦሌ መንገድ ኬክ ቤት እንሄዳለን። እማዬ መኪናዋን ታቆምና፣ ሳንወርድ ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፉ ብሮች አባዬ ኮት ኪስ ውስጥ ትሸጉጣለች። አባዬ በዚያች ቅጽበት በመስኮት የሚያየው ነገር አያጣም፤ አዲስ ፎቅ፣ አውሮፕላን፣ ሌላው ቢቀር ውሻ። ሒሳብ ሲመጣ ግን ደረቱን ነፋ አድርጎ ይከፍልና "መልሱን ተወው" ይላል፤ እማዬም "ይሄ ሰው በቸርነቱ ሊያደኸየን ነው!" ብላ ታማዋለች። ደስ ሲሉ!

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ክፍላችን ላንጋኖ ሊሄድ ሆነ። እማዬ እሺ አለች፤ አባዬ "እኔ እያለሁ ልጄ ውጭ አታድርም" ብሎ ድርቅ አለ። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩ። እሑድ ኬክ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ የአባዬ የድሮ የሥራ ባልደረባ ጋሽ ታደሰ አግኝተውን ተቀላቀሉን። ቢሉ ሲመጣ የተለመደው ትግል ተጀመረ። "በሞቴ!" "እኔ ልሙት፣ ዛሬማ የኔ ነው!" እየተባባሉ እጅ ለእጅ ሲያያዙ፣ ከኬኬ ቀና ብዬ፣

"ጋሽ ታደሰ፣ ይተዉት፤ እማዬ መኪና ውስጥ ሰጥታዋለች" አልኩ።

ጋሽ ታደሰ "አይ ልጅ!" ብለው ሳቁ። እማዬ ጠረጴዛ ስር እግሬን ረገጠችኝ። አባዬ ከፈለ፤ መልሱ እስኪመጣ ጠበቀ፣ ተቀብሎም ለእማዬ ሰጣት። ከዚያ ወዲያ እሑድ በመጣ ቁጥር ወገቡን ያመዋል። ሱቅ መዋልም ተወ፤ ቤት ሬዲዮ እያዳመጠ ይውላል።

ነገሩ ቤታችን ውስጥ ቀልድ ሆኖ ቀረ። የጀመረውም ራሱ አባዬ ነው፤ ዘመድ በተሰበሰበበት "ይቺ ናት ያጋለጠችኝ፤ ልጅ ምን ታውቃለች!" እያለ ይስቃል። እኔ ግን አውቅ ነበር። ጋሽ ታደሰ ወንበር ስበው ከተቀመጡበት ጊዜ ጀምሮ ቃሉን ሳዘጋጅ ነበር፤ የት እንደሚያመውም አውቄያለሁ። ይህን ሳስብ ዛሬም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ።

አባዬ ታሞ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ሾርባ እያጠጣሁት አላስችል አለኝና "አባዬ፣ ያን ቀን አውቄ ነው" አልኩት። የትኛውን ቀን ብሎ አልጠየቀኝም።

"አውቃለሁ፤ ዓይንሽን አይቼዋለሁ እኮ" አለ። ማንኪያውን በእጁ ገፋ አድርጎም፣ "ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፤ ትቀየምሻለች።"

ለካ ያን ሁሉ ዓመት ቀልዱን የሚያወራው እኔን ሊሸፍን ኖሯል።

ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። እማዬ ዛሬ ሦስት ሱቅ አላት፤ ገዢውም ዋጋ የሚጠይቀው እሷን ነው። ዘመድ ሲሰበሰብ ቀልዱን አሁን የምታወራው እሷ ናት። "ልጅ ምን ታውቃለች!" ብላ ፀጉሬን ትደባብሰኛለች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ አብሬ እስቃለሁ።