የአንድ ማዕድ መዝሙር

የሺመቤት ወልቂጤ ውስጥ በሁለት ነገር ትታወቅ ነበር። በሥራ ቀን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ናት፤ እሑድ ደግሞ የአጥቢያዋ መዘምራን የሚዘምሩትን መዝሙር የምትደርሰው እሷ ናት። ባሏ ካረፈና ልጆቿ ለሥራ አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ ቤቷ የመዘምራኑ መለማመጃ ሆኗል። ኪቦርዱ ሳሎኑ ጥግ ተቀምጧል፤ ወጣቶቹ ጫማቸውን በረንዳ ላይ አውልቀው ይገባሉ፤ ድምፅ ያበላሸ ሰው ከእሷ ዓይን ሌላ ቅጣት የለበትም፤ እሱም ይበቃዋል።

ብሩክ ወደዚህ ቤት ሲመጣ ከቸሃ ገጠር ወጥቶ ከተማው ውስጥ ሞባይል የሚጠግን ዝምተኛ ወጣት ነበር። መጀመሪያ የዘመረ ዕለት ኪቦርድ ተጫዋቹ ጣቶቹን ከቁልፎቹ ላይ አንስቶ ዝም ብሎ ሰማው። የሺመቤትም ከዚያ በኋላ የጻፈችውን ሁሉ ለእሱ ድምፅ ነው የጻፈችው።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ስለ ወላጆቹ ጠየቀችው።

“አባቴ የለም። የቤት ምሰሶ ነበር የሚጠርበው” አለ። “እናቴ ሸክላ ትሠራለች።”

ሌላ ማለት አላስፈለገውም። በዚያ አገር ሙያውን የሰማ ሰው የቀረውን ያውቀዋል። አገሬው ፉጋ የሚላቸው ናቸው፤ እነሱ ስሙን አይወዱትም። የሰው ቤት የሚቆመው በእነሱ እጅ ነው፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ደጃፉን አያልፉም ነበር። የሚበሉት ከውጭ፣ በኮባ ቅጠል ላይ ነበር። ዛሬ ሕጉም ስብከቱም ይህን ይከለክላል። ቢሆንም ነገሩ ማዕድና ጋብቻ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ አያቱን ያስታውሳል።

የሺመቤት ያን ሌሊት አለቀሰች። በልጅነቷ ጉንችሬ፣ አያቷ ቤት ያየችው ሁሉ መጣባት፤ ከጓሮ በር ዝናብ እየወረደባት ቆማ የምትበላ ሴት፣ የሚወረወርላት ቆጮ። በሳምንቱ ውስጥም መዝሙሩን ጽፋ ጨረሰች።

ዳር የቆመ የለም፣ ሁሉም ተጠርቷል፤
የጌታዬ ማዕድ ለሁሉም ቀርቧል።

ብሩክ ሲዘምረው ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጠረጉ። ብዙ ሳይቆይ ቡታጅራ ለጉባኤ ተጋበዙ፤ መድረኩ ላይ መሪው ማይክሮፎኑን ለየሺመቤት ሰጣት፤ መዝሙሩ እንዴት እንደ መጣላት እንድትመሰክር።

መሰከረች። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ሲሰማት ልቧ ሞቀ። ከሞቀም በኋላ ብሩክን በእጇ አመለከተች።

“ይህ ወንድማችሁ ከእነማን እንደ ተወለደ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ” አለች። “አያቶቻችን ከደጃቸው ያላሳለፏቸው ሰዎች ልጅ ነው። ዛሬ ግን ከፊታችን ቆሞ ይመራናል።”

እልልታው አዳራሹን ሞላው። ብሩክ ወለል ወለሉን እያየ ቆየ፤ ሙዚቃው ሲጀምር ቀና ብሎ ዘመረ። ሲመለሱ ከጋቢና ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠና ወልቂጤ እስኪደርሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የሺመቤት መንፈስ ነክቶት ነው ብላ አሰበች። ቡኢ ከተማ ሲጋበዙም ያንኑ ምስክርነት ደገመችው፤ በዚህኛው ላይ እንዲያውም የጓሮውን በር ጨመረችበት።

የቡታጅራውን ምስክርነት አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾት ነበር። ቪዲዮው በቴሌግራም ዞረ። ወር ሳይሞላ የብሩክ ቤት አከራይ ዘመድ ሊመጣብኝ ነውና ክፍሏን ልቀቅልኝ አለችው። ሽማግሌ ሊልክባት ያሰባት ልጅም ስልክ ማንሳት ተወች። ብሩክ ይህን ሁሉ ለየሺመቤት አልነገራትም። ከመዘምራኑ አንዷ ስትነግራት እንኳ የሺመቤት ያዘነችው በአከራይዋ ነው። “ገና ያልበራላቸው ብዙ ናቸው” አለች፤ አፏን ሞልታ።

በክረምት አንድ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። ከፍታ ስታይ ጥቁር ጃንጥላ የያዘች፣ ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ ሴት ቆማለች። ዕድሜዋ ስድሳ ግድም ይሆናል።

“የብሩክ እናት ነኝ። እቴነሽ እባላለሁ” አለች።

የሺመቤት ደስ አላት። እጇን ይዛ አስገባቻት። እቴነሽ የበሩ ደፍ ላይ ቆም ብላ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል፣ “ኧረ ይግቡ፣ ይግቡ” እያለች ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት። ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረበችላት፤ በእጇም አጎረሰቻት። ሻይ በነጭ ኩባያ ቀዳችላት። በልቧ ሌላ መዝሙር ሲጀምር ይሰማት ነበር።

እቴነሽ ጥቂት ቀምሳ ኩባያዋን በሁለት እጇ ያዘች።

“መምህርት፣ የመጣሁት አንድ ነገር ልለምንዎ ነው።”

“እማማ እቴነሽ፣ አንቺ ይበሉኝ። ልጅዎ ማለት ነኝ።”

“ልጄን በሰው ፊት አይጥሩብኝ” አለች እቴነሽ። “መዝሙሩን ይዘምር። ይወደዋል። የማን ልጅ እንደሆነ ግን እሱ ይናገር፣ መናገር ካማረው። እኔ እዚህ ገበያ ሸክላ ስሸጥ ስንት ዓመቴ ነው። ልጄ ሰላም ብሎኝ ያልፋል፤ እናቴ አይደለችም ብሎም አይክደኝም፣ እናቴ ናት ብሎም አይጮኽም። እንደዛ ነበር የምንኖረው። አሁን ማደሪያ አጥቶ የሱቁ ወለል ላይ ነው የሚተኛው።”

የሺመቤት ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ስለ አከራይዋ ሰምታ ነበር፤ እሱ የት እንደሚተኛ ግን አልጠየቀችም።

“ለክብሩ ብዬ ነው” አለች ቀስ ብላ።

“አውቃለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ለዚህ ነው የመጣሁት።”

ከእንግዲህ እንደማትናገር ቃል ገባች። እቴነሽ መርቃት ተነሣች፤ ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ሚኒባስ ሳያልፈኝ ብላ ፈጠን ብላ ወጣች። የሺመቤት በረንዳው ድረስ ሸኘቻትና ተመልሳ ሳህኑን አነሣች፤ ኩባያውንም ወደ ወጥ ቤት ወሰደችው።

በኋላ ላይ ይህን ደጋግማ አስባዋለች፤ ግን ምን እያሰበች እንደነበረ ሊታወሳት አልቻለም። ሳህኑን እንደማንኛውም ዕቃ በሳሙና አጠበችው። ኩባያውንም አጠበችው። ከዚያ እጇ ከመታጠቢያው በታች ወርዶ የበረኪናውን ጠርሙስ አወጣ። ክዳኑን ከፈተችና ኩባያው ውስጥ አንቆረቆረችው፤ እስከ አፉ ሞላችው።

“ጃንጥላዬን ረስቼ” አለ ድምፅ ከኋላዋ።

እቴነሽ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። የበረኪናው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ጠርሙሱ በየሺመቤት እጅ ነው።

“ሻይ ጠቁሮበት… ይለቅ እንደሆነ ብዬ” አለች የሺመቤት።

እቴነሽ ኩባያውን አየችው፤ ነጭ ነበር።

“አዎ፣ ሻይ ያጠቁራል” አለች። ሶፋው አጠገብ የተጋደመውን ጃንጥላ አንስታ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

የሺመቤት መሬት አፏን ከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሮጣ ልትደርስባት አሰበች፤ ግን ደርሳ ምን ትላለች? ጉንችሬ አያቷ ቤት ያየቻትን ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ከመስኮት ወዲህ ሆና ስታዝንላት የኖረች መስሏት ነበር። ለካ ያኔ ቆጮውን የወረወረው እጅ ከእሷ ሩቅ አልነበረም።

እሑድ ብሩክ ዘመረ። የሺመቤት ከፊት ወንበር ተቀምጣ ፊቱን ታነባለች። እናቱ ነግራው ይሆን? ሲጨርስ ወደ እሷ መጥቶ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት።

“እህት የሺ፣ እናቴ ቤትሽ እንደጋበዝሻት ነገረችኝ። ጌታ ይባርክሽ” አለ። “ከሰው ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጬ በላሁ ብላ ደስ ብሏታል።”

ያመማት ይህ ነው። ነግራው ቢሆን፣ ተቆጥቶ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አንገቷን ደፋች፤ እሱም ትሕትና መሰለው።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ሸክላ ተራ ወረደች። እቴነሽ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ማሰሮዎቿንና ጀበናዎቿን ከፊቷ ደርድራለች። የሺመቤት ጎንበስ አለች።

“እማማ እቴነሽ፣ ያን ዕለት…”

“ተይው።”

“አልተውም። ዋሽቼዎታለሁ። ኩባያው አልጠቆረም።”

“አውቃለሁ አልጠቆረም” አለች እቴነሽ። አሁን አንቺ ማለት አልከበዳትም። “ምን አዲስ ነገር አለው? አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ሌላው እንዲያውም ኩባያውን ይሰብረዋል።”

“ለብሩክ ልነግረው ነው። ለመዘምራኑም። ይህን ተሸክሜ እፊታቸው መቆም አልችልም።”

እቴነሽ እጇ ላይ የነበረውን ጀበና አስቀመጠችው።

“ስሚኝ፣ መምህርት። ልጄ ያን መዝሙር አምኖት ነው የሚዘምረው። የጻፈችው ሴት ታምንበታለች ብሎ ነው። አንቺ ተናግረሽ ይቀልልሻል። እሱስ? እሱ ምን ይዞ ይዘምራል? አንዴ እሱን አቁመሽ ስለ እሱ ተናገርሽ፣ ቤት አጣ። አሁን ደግሞ ስለ ራስሽ ልትናገሪ ነው። ያንቺን አንቺው ያዢው።”

የሺመቤት ዕንባዋ መጣ፤ ግን እዚያ ማልቀስም የራሷን ጭነት እቴነሽ ላይ ማራገፍ እንደሆነ ስለገባት ዋጠችው።

ለብሩክ የምታውቀው ሰው ግቢ ውስጥ ክፍል ፈልጋ አገኘችለት፤ አከራዩ ስለ ልጁ ዘር ሲጠይቃት፣ “ሞባይል ይጠግናል፣ ማታ በጊዜ ይገባል” ብቻ አለችው። ሊያገባት ያሰባት ያቺ ልጅ ግን ስልኩን ሳታነሳ ቀረች፤ ያንን ማንም ሊያስተካክለው አልቻለም።

በጥቅምት በራሳቸው አጥቢያ ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። መሪው መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት፣ “እህት የሺመቤት ያቺን ልብ የምትነካ ምስክርነቷን ታካፍለን” ብሎ ማይክሮፎኑን ዘረጋላት። ሕዝቡ አስቀድሞ አጨበጨበ። ተነሥታ ተቀበለችው።

“የምመሰክረው የለኝም” አለች። “መዝሙሩን ብቻ ስሙ።”

መሪው ግራ ገብቶት ሣቀና ትሕትናዋን አመሰገነ። ብሩክ ግን ዞሮ አያት፤ ከቡታጅራው ጉባኤ ወዲህ እንዲህ ሙሉ ዓይኑን አሳርፎባት አያውቅም። ከዚያ ዘመረ። እሷ ከኋላ ከሴት መዘምራኑ ጋር ቆማ አፏን እያንቀሳቀሰች ነበር፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። ከዚያ በኋላም ያን መዝሙር ስትዘምረው የሰማ የለም።

እቴነሽን ቤቷ በተደጋጋሚ ጠርታታለች። “እሺ፣ ሌላ ጊዜ” ትላታለች እቴነሽ፤ አንዴ ዝናብ ነው፣ አንዴ ሚኒባስ ያልፈኛል። የሺመቤትም መጥራቷን ሳትተው በገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ሸክላ ተራ መውረድ ለመደች። መጀመሪያ ቆማ ሰላም ብላ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን እግሯ ሲዝል እቴነሽ አጠገብ፣ ጆንያው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

አንዲት የአጥቢያዋ ሴት ዘንቢል ይዛ ስታልፍ አየቻትና ቆመች።

“አንቺ የሺ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሸክላ ልትገዢ ነው?”

“አይ። ተቀምጬ ነው።”

ሴትየዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ እቴነሽን አየች። የሺመቤት ፊቷ ሲግል ተሰማት። ቀሚሷን ሰብስባ ልትነሣ ቃጣት፤ ያፈረችው ከጥፋቷ ይልቅ በመታየቷ እንደሆነ ገባት፤ በዚያም ደግሞ አፈረች። አልተነሣችም። ሴትየዋ ደህና ዋሉ ብላ ሄደች።

እቴነሽን አንድ ገዢ ማሰሮ እያንኳኳ ዋጋ ይጠይቃት ነበር። ነግራው ስታበቃ ወደ የሺመቤት ዞር ብላ፣ “እግርሽን ሰብስቢ” አለቻት፤ “ሰው ይለፍበት።”