የድንጋዩ ዓይን

በዚያ ቀን ዝዋይ ሐይቅ ዳር የነበርነው እኔ፣ የጎረቤታችን ልጅ ዘነበች፣ ልብስ የምታጥበው እናቴ፣ እና ሳሙናችንን ለመብላት የምታደባ የዘነበች ፍየል ነን። ሌላ ማንም አልነበረም።

የእናቴ የተረከዝ ድንጋይ ከእጇ አመለጣትና ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። እንደ እንጀራ ዓይኑ የበዛ፣ ግራጫ ድንጋይ ነበር። ዘነበች፣ «ዓይኖቹ ዝግ ናቸው፣ መቼም አይሰምጥም» አለች። እኔ ደግሞ፣ «ውስጥ ለውስጥ ይገናኛሉ፤ ውሃ ቀስ ብሎ ይገባና ያሰምጠዋል» አልኩ። የተሸነፈች የሌላዋን ጀሪካን ልትሸከም ተማማልን፤ ድንጋዩንም ቤት ወስደን ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ጨመርነው። ጠዋት ስንሮጥ ብንመጣ እናቴ አውጥታው ተረከዟን እየፈገፈገችበት ነው! «ሥራ የፈታ ድንጋይ ሲዋኝ ያያል» ብላ አባረረችን።

ነገሩ ሳይለይለት አደግን። ሁለታችንም ዶሃ ለሹግል፣ ለሰው ቤት ሥራ፣ ከመጣን በኋላ እንኳ ዘነበች ስትደውል ሰላምታዋ፣ «አንቺ፣ ጀሪካኔስ?» ነበር። እኔም «ዓይኑ ክፍት ነው!» እላታለሁ። በኮሮናው ዓመት መንገዱ ሲዘጋ ስልኳም ተዘጋ።

በዚያው ሰሞን ረያን በሚባለው ሰፈር በምሠራበት ቤት የማዳም ልጅ ትምህርቷን ከቤት ትከታተል ነበር። አቧራ ስጠርግ ኮምፒውተሯ ላይ ያንን የእናቴን የመሰለ ድንጋይ አየሁ። ማሽን ድንጋዩን እንደ ዳቦ ቁራጭ በቁራጭ ፎቶ እንደሚያነሳው፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ቁራጮቹን ደርድሮ ስንት እጁ ባዶ እንደሆነ፣ ቀዳዳዎቹም ይገናኙ እንደሆነ እንደሚገምት ልጅቷ ነገረችኝ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ፣ «የድንጋዩ ዓይን ክፍት ነው ዝግ?» አልኳት።

ማዳም ከሳሎን «ዓይን» የሚለውን ብቻ ሰማች። «የማን ዓይን ነው? ልጄን ማን አያት?» እያለች ገባችና ጸሎት ደገመችባት። እነሱም የሰው ዓይን ይፈራሉ። እኔ ጨርቄን ይዤ ወደ አቧራዬ ዞርኩ፤ ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

ማዳም ስትወጣ ልጅቷ ፕሮግራሙን ጠየቀችልኝ። «ዝግ» አለ። ተሸነፍኩ ስል፣ ልጅቷ ድንጋዩ የት አልቆ ቀዳዳው የት እንደሚጀምር የሚወስነውን ቁጥር ትንሽ ነካ አደረገችው። «ክፍት» አለ።

«እና እውነቱ የቱ ነው?»

«ግምት ነው» አለችኝ። «ያላ፣ አሁን ላጥና።»

እንዴት ተናደድኩ! ይህ ሁሉ ማሽን ተሰልፎ ግምት? እናቴ ያንን ባልዲ ትንሽ ብትተውልን ኖሮ እናውቀው ነበር።

ያኔ በልጅነታችን ዘነበች ስትጠፋብኝ አጥር ላይ ወጥቼ እጣራ ነበር፤ ከወዲያ ትመልስልኛለች። ዛሬ ልጆቼን በስልክ «ውሃ ዳር እንዳትሄዱ» እያልኩ የማሳድግ እናት ሆኜ፣ እዚሁ ከተማ የነበረችውን እሷን ማግኘት አቃተኝ። ታማ ይሁን፣ አገር ገብታ ይሁን፣ እኔም እገምታለሁ። ግምት ሰለቸኝ።

እዚህ ዶሃ ናጅማ ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ከሴቶች ጋር ትኖር የነበረችውን የዝዋይዋን ዘነበችን ያያችሁ፣ እባካችሁ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።