የቀለም ቀቢው ወተት

የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ። ካራ ሰፈር፣ በቆርቆሮ በታጠረ ጋራዥ ውስጥ፣ ሰው አጋጭቶ ያመጣውን መኪና አዲስ አስመስዬ እመልሳለሁ። ላሜራ ሠራተኛው ቀጥቅጦ ያቃናዋል፣ ስቱኮ ይለጠፍበታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ከዚያ የእኔ ተራ ይደርሳል። እርጥብ ቀለም ላይ አቧራ እንዳያርፍ በሩንም መስኮቱንም ዘግቼ፣ ስንጥቁን በፌስታል ወትፌ ነበር የምረጨው። ስወጣ ቅንድቤ ሳይቀር የመኪናውን መልክ ይዞ ይወጣል። እጄንም አንገቴንም በቲነር እታጠባለሁ።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ወተት ነው ብለን እናምን ነበር። እኛ ጋራዥ ጭምብል ያደረገ ሰው ይቀለድበታል፤ ወተት ያልጠጣ ግን ይሰደባል። ረጭቶ የወጣ ሰው ወተቱን ሳይተነፍስ ይጨልጣል፣ መርዙን ጠርጎ ያወርድለታላ! በጾም ደግሞ ተልባ እንበጠብጣለን። አዲስ የተቀጠረውን ሁሉ ይህን ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ ያውም እንደ ትልቅ የሙያ ምስጢር ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ካገባሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ ግን የለንም። የእናቴ ቤት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ነው። ጥፋተኛውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም። «በእኛ ዘር መካን ኖሮ አያውቅም» አለች፤ በቃ፣ ባለቤቴ ላይ ተፈረደ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ በእንጦጦ ብርድ ማልዳ ጠበል ትጠመቃለች። እኔ ባሕር ዛፉ ሥር ጋቢ ይዤ እጠብቃታለሁ። እየተንዘፈዘፈች ስትመጣ አለብሳታለሁ፣ በዚህችም ጥሩ ባል የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪም ቤትም ብቻዋን ተመላለሰች። ያልተመረመረችው ነገር የለም፤ ምንም አልተገኘባትም። በመጨረሻ «ባልሽን ይዘሽው ነይ» ተባለች። እኔ ሥራ በዛብኝ፣ ደንበኛ መጣብኝ፣ እያልኩ ሰነበትኩ። አንድ ቀን እራት አቅርባልኝ ቆም አለችና፣ «እኔ ጠበሉንም መርፌውንም ችያለሁ፤ አንተ አንዲት የምርመራ ኩባያ ፈራህ?» አለችኝ። በማግስቱ ሲ.ኤም.ሲ ወዳለው ክሊኒክ አብረን ሄድን።

ነርሷ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ሰጠችኝና ምን እንደማደርግባት ስታስረዳኝ እኔ ጣሪያውን ነበር የማየው። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ገብቼ ገና ከራሴ ጋር እየታገልኩ በሩ ተንኳኳ። «ሰው አለ!» ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ እንደ ጎረምሳ ተሰነጠቀ። በስንት መከራ ጨርሼ፣ ኩባያዋን ጃኬቴ ውስጥ ሸሽጌ ስወጣ፣ በቅርቡ መኪናቸውን የቀባሁላቸው አንድ ትልቅ ሰው ኮሪደሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው መጡ።

«እንዴ፣ አንተ! ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«ጨጓራ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። እጃቸውን አልጨበጥኩም። ሆዴን ይዤ ጎንበስ አልኩና አለፍኳቸው፤ እሳቸውም ከኋላዬ «አይዞህ» ይሉኝ ነበር።

ውጤቱን የነገረችን ሐኪም በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። «የዘሩ ቁጥር አነስተኛ ነው፤ እንቅስቃሴውም ደካማ ነው» አለች። ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ሲረጩ መከላከያ ምን ይጠቀማሉ?»

«ወተት» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

ምነው በሳቀችብኝ! አልሳቀችም። «ወተቱ የሚገባው ሆድዎ ውስጥ ነው። የቲነሩ ትነት ግን በሳንባዎ ይገባል፣ ሲታጠቡበት ደግሞ በቆዳዎ፤ ከዚያ በደምዎ ይዞራል» አለች ቀስ ብላ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብላ አልማለችልኝም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ትነትና አንዳንድ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ የወንድን ዘር እንደሚጎዳ፣ ለትነት የተሠራ ጭምብል እንደሚያስፈልገኝ፣ አየር በሌለበት መርጨትና በቲነር መታጠብ መተው እንዳለብኝ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ደግሜ መመርመር እንዳለብኝ ነገረችኝ። ስንቱን ሰው ወተት ብቻ አስታጥቄ እዚያ ክፍል ውስጥ እንዳስገባሁ ሳስብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ታክሲ ውስጥ ባለቤቴ አልወቀሰችኝም። «ለእማዬ ማን ይነግራታል?» ብቻ አለች። እኔው እነግራታለሁ አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴ ቤት ሄደን ነገርኳት። «እማዬ፣ ችግሩ ከእኔ ነው።» እናቴ እያየችኝ እንባዋ መጣ፤ አላመነችኝም፣ ባለቤቴን ልሸፍንላት የዋሸሁ መሰላት። «ሚስቱን የማያሳጣ ልጅ ወለድኩ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ባለቤቴን ደግሞ ዞር ብላ «እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል?» አለቻት። ተመርቄ ቁጭ አልኩ። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ምርቃት የለም።

እንድታምነኝ ሁሉንም መዘርገፍ ነበረብኝ፤ ዘረገፍኩት። ኩባያዋን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ በአጉሊ መነጽር የታየውን። ልጅ ለእናቱ የማይናገረውን ሁሉ ስናገር እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ከዚያ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ተመልሳ ስትቀመጥ ማመኗ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

«ለማንም እንዳትናገሩ» አለች በሹክሹክታ። «እንደነበረው ይቆይ። እሷ እንደሆነች ለምዳዋለች።»

ባለቤቴ እናቴን አላየቻትም፤ እኔን ነው ያየችኝ። «አይሆንም፣ እማዬ» አልኩ። ብያለሁ፤ ግን ወዲያው አልነበረም። እሺ ማለት ስላማረኝ ትንሽ ዘግይቼ ነበር። ባለቤቴም እስክናገር ድረስ ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም።